ቀምሰሽ ስጪኝ

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሉን ያስተካከለችልኝ ልጄ መሠረት ናት። አስተካክላ ስትመልስልኝ የራሷን ነገር ጨምራበት እንደሆነ ብዬ ከመጀመሪያው ጋር እያስተያየሁ አንብቤዋለሁ። አልጨመረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዐመሌን አውቃችሁ እንድትቀጥሉ ነው።

ጥሩነሽ እባላለሁ። የኖርኩት ዳንግላ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ጠላ እየሸጥኩ ነው። ጠላ ቤት ሰው የሚታወቅበት ቦታ ነው። ሳይከፍል ሊወጣ ያሰበውን ከአቀማመጡ፣ ጠብ የሚያነሳውን ከሳቁ እለየዋለሁ። በዚህ ሥራ የሚሰነብተው የማያምን ሰው ነው። እኔም ሰነበትኩበት፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጄን ያስተማርኩትም በዚሁ ነው። በቤቴ አንድ ሕግ ነበረኝ። የሚቀዳው ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ለእንግዳው ይሰጣል። ይኸው እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም ማለት ነው። የድሮ ሰው ሁሉ ያደርገው ነበር፤ አሁን የተወው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አስታጉዬው አላውቅም። መሠረት ጆግ ማንሳት ስትችል መጀመሪያ ያስተማርኳት ይህን ነው። ሳይቀመስ የተሰጠኝን እኔም አልጠጣም።

እንዲህ ባለች ሴት ላይ ጥርጣሬ በሽታ ሆኖ ሲመጣ ማን ይለየዋል? እኔ አልለየሁትም፣ የሚያውቁኝም አልለዩትም። የምጽፈው ለዚሁ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ በስተርጅና ጠባያቸው ሲለወጥ፣ ጃጁ ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ነው። ዳንግላ ላይ ብርድ ብርቅ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ደህና ፀሐይ በወጣበት በሚያዝያ፣ ጋቢ ደርቤ ከእሳቱ ሥር ተቀምጬ ይበርደኝ ነበር። ቀጥሎ ድምፄ ጎረነነ። ደንበኞቼ ጉሮሮዬ ውስጥ ሽማግሌ ገብቶ እንደሆነ እየጠየቁ ይሳሳቁብኛል። ጠዋት ጠዋት ፊቴ ያብጣል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ቅንድቤ ከዳር በኩል ረገፈ። ጌሾ የጨመርኩ እየመሰለኝ ሳልጨምር እቀራለሁ፣ የጨመርኩበት ላይ ደግሞ እደግማለሁ። አንዱ ጋን ሬት፣ ሌላው ውሃ ሆነ። እህል እየቆላሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ በጭሱ የነቃሁበት ቀን አለ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። በእኛ አገር ታይፎይድ ነው ያልተባለ ሰው ስለሌለ አልገረመኝም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ብርዱ ግን እንዳለ ነበር። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ አለ። ሦስተኛው ያበጠ ፊቴን አይቶ ኩላሊት ጠረጠረና ሽንት አስመረመረኝ፤ ኩላሊቴ ደህና ሆኖ ተገኘ። በየክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ በግራና በቀኝ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሕመሙን ያወራልኛል። እኔ ትንፍሽ አልልም፤ ምን እንደሚያደርጉበት ማን ያውቃል? ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ከእኔ በኋላ የመጣች ሴት አስቀድማ አስገባች ብዬ ተነሥቼ ተጣላኋት። ሴትዮዋ ለካ ሕፃን አዝላ ነበር፤ እኔ ያየሁት ካርዷን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ባለሙያ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ሰባ ሊሞላኝ ትንሽ እንደቀረኝ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና እርጅና ነው፣ ቤትዎ ሄደው ይረፉ አለኝ። ከሁሉም የጎዳኝ ይህ ነው። ታይፎይድ ቢያንስ መድኃኒት አለው። እርጅና ከተባለ በኋላ የሚመረምረኝ ሰው ጠፋ፤ እኔም ራሴ የሚሰማኝን ሁሉ ለእርጅና እየሰጠሁ ዝም አልኩ።

ጎረቤቶቼ ጠበል ወሰዱኝ። በዚያ ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድብኝ አንዲት የማላውቃት ሴት የራሷን ጋቢ አውልቃ ጠቀለለችኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አለ። እኔ ግን ምን ፈልጋ ይሆን እያልኩ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያ ሰሞን ነው ነገር ሁሉ ይሸተኝ የጀመረው። ከወጣትነቷ ጀምራ አብራኝ የኖረችውን ረዳቴን ዘነቡን ጠላውን ውሃ ታበዛበታለሽ፣ ደንበኞቼን ልትወስጂ ነው ብዬ አባረርኳት። አልቅሳ ወጣች። ከዚያ ጎረቤቶቼ ከግድግዳው ወዲያ ስሜን ሲያነሱ ይሰማኝ ጀመር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አድራለሁ። ከዚያ ተራው የመሠረት ሆነ። መሠረት አንድ ልጄ ናት፤ እንጅባራ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች ታየኛለች። ስትወጣ ቦርሳዋን እፈትሽ ጀመር። አንድ ቀን ማን ልኮሽ ነው ብዬ ስጠይቃት ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ ልቅሶዋን ከጥፋተኝነት ቆጠርኩት።

አንድ ቅዳሜ መጥታ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኘችው። ከጎረቤት ጋር ሰብረው ሲገቡ፣ ሰውነቴ ቀዝቅዞ፣ አንዷን ቃል ለመናገር ዘመን እየፈጀሁ ተኝቼ ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው እንጅባራ ሆስፒታል ውስጥ፣ የአረጋውያን ክፍል በሚሉት ቤት፣ ሦስት ብርድ ልብስ ተደራርቦብኝ መንቃቴን ነው።

አጠገቤ የተኛችው ይታይሽ የምትባል የዘንገና ገበሬ ናት። ላም ገፍታ ጥላት ዳሌዋ ተሰብሯል። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ሊጠይቋት ከሚመጡት ልጆቿ ጋር በአገውኛ ታወራለች። እኔ የማውቀው አገውኛ ገበያ ላይ ጠላ ለመሸጥ የሚበቃ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጥናሉ። እያወሩ ወደ እኔ ያያሉ። አንደኛው ልጅ ኮመዲኖዬ ላይ በኩባያ ወተት አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ማንም ሳያየኝ እደፋዋለሁ።

ከእራት በኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ይከፈታል። የሚታየው አስቂኝ ድራማ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው የት መሰላችሁ? ሆስፒታል፣ የአረጋውያን ክፍል ውስጥ። የታመሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተኝተው፣ በታመሙ ሽማግሌዎች የሚቀልድ ድራማ ያያሉ ማለት ነው። ለዚያ ክፍል ማን እንደመረጠው ያኔ አልገባኝም።

ዋናው ሰው ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው። ዛሬ ይሞታል፣ ነገ ይሞታል ሲሉት አልሞት ብሏቸዋል። የክፍሉ ነርስ አልጋ ስለጠበባት በየማታው አንሶላ ታቅፋ እየዞረች ማን ቀድሞ እንደሚለቅላት በዓይኗ ትለካለች። የሻምበሉ ልጆች ቸኩለው የእድር ድንኳን ያስተክላሉ። እሱ ወሬውን ይሰማና በፒጃማው ወጥቶ ከለቀስተኛው መሃል ይቀመጣል። ንፍሮውን እየዘገነ ልቅሶው ቀዘቀዘ፣ ደህና አልቃሽ ጥሩ ብሎ ይቆጣቸዋል። ክፍላችን በሳቅ ይናጋል። ይታይሽ የተሰበረ ዳሌዋን በእጇ ደግፋ ነው የምትስቀው። ሲስተር አዳነች እንኳ፣ የምትንከባከበን ነርስ ማለት ነው፣ መርፌ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። ነርስ በአልጋ ቀልድ ስትስቅ ማየት አላማረኝም።

አንድ ምሽት ደግሞ የሻምበሉ ልጆች ለለቅሶው የትኛው ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ይያዝ ብለው ሲጣሉ አሳየ። አንዷ ኮስተር ያለበት ይሁን ትላለች፣ አንዱ መነጽር ያደረገበት ይላል። በማግስቱ መሠረት መጣች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳንግላ ቤቴ ግድግዳ ላይ የነበረውን፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ለጥምቀት ነጭ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ነው። ከሐኪሜ ከዶክተር ሄኖክ ጋር መስኮቱ ጋ ቆመው አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ነው፣ ይህ በቂ ነው ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ፎቶው ከተመረጠ የቀረው ድንኳኑ ነው። ልጄ ከእነሱ ጋር መሆኗን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተጠራጠርኩም። ድራማውን የሚሠሩት ሰዎችም ከዚህ ክፍል ወሬ የሚያቀብላቸው ሰው እንዳለ ገባኝ፤ መሠረት ስልኳን ይዛ ስትጽፍ በተደጋጋሚ አይቻታለሁ።

ቀጥሎ ሽሮው መጣ። በድራማው ነርሷ ሻምበሉን ለማስተኛት የእንቅልፍ መድኃኒት ፈጭታ ሽሮው ውስጥ ትጨምራለች። ሻምበሉ ሳህኑን ይለውጥና የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ፊቱን ወጡ ውስጥ ደፍቶ ያንኮራፋል። ከዚያ ቀን ወዲህ መሠረት ያመጣችልኝን ሽሮ አልነካሁም። የምበላው ልጣጩ ያልተነካ ሙዝና ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ እንቁላል ብቻ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እፈራለሁ። የሞት ፍርሃት አይደለም፤ ሳልሞት ሞታለች ብለው ይሸኙኛል የሚል ፍርሃት ነው። ይታይሽ ስገላበጥ ከሰማችኝ እጇን በአልጋው ክፍተት ታቀብለኛለች። አንዳንዴ እይዛታለሁ፣ አንዳንዴ እጄን ብርድ ልብስ ውስጥ እደብቃለሁ።

ደሜ ለምርመራ ባሕር ዳር ተልኮ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሄኖክ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ አስረዳኝ። በአንገታችን ፊት ለፊት ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች። እሷ ስታብጥ እንቅርት ይባላል፤ እንቅርትን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ ግን ሳታብጥ ውስጥ ለውስጥ ደርቃ ነው ሥራዋን ያቆመችው፣ ስለዚህ አንገቴን አይቶ የጠረጠረ ሰው የለም። ሰውነትን የምታሞቀውና የምታነቃው እሷ ናት። እሷ ስትደክም ሰው ይበርደዋል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ሐሳቡ ይደበዝዛል። ፎቶውን ያስመጣውም የድሮ ፊቴን ከአሁኑ ጋር ሊያስተያይ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ወደ መሠረት ዞሮ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ይህ በሽታ ሰውን ሁሉ ያስጠረጥራል አላት።

ይህን ስሰማ ሌላ ነገር ነው የገባኝ። ጥርጣሬዬን በሽታ ካሉት እንግዲህ ማን ያምነኛል? መውጫውን ሁሉ ጥሩ አድርገው እንደዘጉብኝ ተረዳሁ።

መድኃኒቱ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ ትንሽ ኪኒን ነው። የእጢዋን ሥራ ተክቶ ይሠራል። ሲስተር አዳነች ስትሰጠኝ ምላሴ ሥር እይዘውና ፊቷን ስታዞር አውጥቼ የነጠላዬ ጫፍ ላይ እቋጥረዋለሁ። ሻምበሉም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ከእሱ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ሲስተር ነጠላዬን ልታጥፍ ስታነሳው ቋጠሮው ተፈታና ኪኒኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። ዶክተሩ ተጠራ። መድኃኒቱን ካልወሰድኩ ሰውነቴ እየቀዘቀዘ ሄዶ፣ አንድ ቀን የማልነቃበት እንቅልፍ ውስጥ እንደምገባ ለመሠረት ነገራት። እኔ እንደ ዛቻ ሰማሁት።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ የተቆላለፈ ነበር። ሰውን እንዳላምን ያደረገኝን በሽታ የሚያድነው ኪኒኑ ነው፤ ኪኒኑን ለመዋጥ ደግሞ ሰው ማመን አለብኝ። ከየት ይጀመራል?

ሌሎቹ ሲወጡ መሠረት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብርድ ልብሴን አስተካከለችና ጠየቀችኝ።

«እማየ፣ ምን ባደርግ ትውጪዋለሽ?»

«እኔ ቤት ምን ይደረጋል?» አልኳት።

ገባት። ከእሽጉ አንድ ኪኒን አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየችኝና ዋጠችው። አፏን ከፍታም አሳየችኝ።

«አሁን ከዚያው እሽግ ስጪኝ» አልኳት።

ወዲያው አልዋጥኩም። ኪኒኑን ጨብጬ፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትዞር ድረስ ዓይን ዓይኗን አየኋት። አልወደቀችም፣ አላንቀላፋችም። ከዚያ ዋጥኩ። ሲስተር አዳነች ከወዲያ ቆማ አይታን ኖሮ፣ መሠረትን ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻትና በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። መሠረት ራሷን ነቀነቀች። ደግሞ ምን እየደበቁኝ ነው አልኩ በልቤ። በማግስቱም ቀምሰሽ ስጪኝ አልኩ፤ ቀምሳ ሰጠችኝ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ነርሷ ከመምጣቷ በፊት እየደረሰች፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ በየጠዋቱ።

መዳን በአንድ ጊዜ አይመጣም። አንድ ጠዋት ስነቃ ጋቢውን ከላዬ ገፍቼ ጥዬው አገኘሁ። ሞቆኝ ነው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ሆዴ ፈታ፣ የፊቴ እብጠት ሟሸሸ፣ ድምፄ ወደ ቦታው ይመለስ ጀመር። ዶክተር ሄኖክ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። ጥርጣሬዎቼም አንድ በአንድ ለቀቁኝ። ድራማው በየማታው የሚታየው ጥበቃው በፍላሽ ስለሚከፍተው እንደሆነ ሲስተር ነገረችኝ፤ እኔ ሳልታመም የተሠራ ነው፣ ስንቱ በሽተኛ ደጋግሞ አይቶታል። ይታይሽን ከልጆችሽ ጋር ስለ እኔ ምን ነበር የምታወሩት ብዬ ጠየቅኋት። ቀን ቀን አስታማሚ የላትም፣ ለእሷም ወተት ይዛችሁ ኑ እያልኳቸው ነበር አለችኝ። የደፋሁት ወተት ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ።

የፎቶው ክፍል ተመልሶ የታየ ዕለት፣ ሻምበሉ ከልጆቹ መሃል ገብቶ ይህኛው ላይ አፍንጫዬ ያስጠላል፣ ሌላ አምጡ ሲላቸው አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቅኩ። ይታይሽ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝና እፎይ አለች።

«ይኸው አሁን ዳነች» አለች ለሰው ሁሉ።

ወጥቼ እንጅባራ መሠረት ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ገባሁ። በየጠዋቱ ኪኒኑን በትሪ ከውሃ ጋር ታመጣለች፣ ትቀምሳለች፣ ትሰጠኛለች። ቀምሰሽ ስጪኝ ማለቱንም ትቼው ነበር፤ እንደ ሰላምታ ልማድ ሆኖብን ቀርቷል።

አንድ ጥርጣሬ ግን አልለቀቀኝም። ይች ልጅ የምትደብቀኝ ነገር አለ። ከሳች። ጉንጯ ገባ። ሻይ ስታቀብለኝ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል። በእንጅባራ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ተጠቅልሎ በሚሄድበት፣ እሷ መስኮት ትከፍታለች፣ ግንባሯን ላብ ያወርደዋል። እንቅልፍ እንደሌላት ከዓይኗ አውቃለሁ። ስጠይቃት የፈተና ወረቀት ማረም በዛብኝ ትላለች። አላመንኳትም። ክፉ በሽታ ይዟት ይሆን? ወንድ አታሏት ይሆን? ቦርሳዋን ልፈትሽ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ አፍሬ መለስኩት። በሽታው ከዳነ ይህ ጥርጣሬ ከየት መጣ ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። መድኃኒቱ አንሶኝ ይሆናል ብዬም አሰብኩ።

አንድ ጠዋት ትሪውን ይዛ ስትመጣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ አየኋት። እኔ በርዶኝ ነበር፤ እሷ ሞቋታል። እኔ አብጬ ነበር፤ እሷ ከስታለች። እኔ ተኝቼ አልጠግብም ነበር፤ እሷ እንቅልፍ አጥታለች። የእኔ በሽታ ተገልብጦ እሷ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። የሚንቀጠቀጥ እጇ ኪኒኑን ወደ አፏ ሲወስድ ያኔ ገባኝ። ጠላ ሲቀመስ በመዳፍ ጠብታ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ኪኒን ግን አይቀመስም። ወይ ይዋጣል፣ ወይ አይዋጥም። ልጄ ያን ሁሉ ወራት የእኔን መድኃኒት ስትውጥ ኖራለች። ዓለምን ሁሉ ስጠረጥር፣ በገዛ አፌ ያዘዝኩትን ነገር ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ።

እጇን አፏ ጋ ሳይደርስ ያዝኩት።

«ለምን አልተውሽውም?» አልኳት።

«ተዪ ብለሽኝ አታውቂም» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ። «ደግሞ አንድ ቀን ሳልቀምስ ብሰጥሽ፣ ያ ዓይንሽ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ።»

ያ ዓይንሽ ያለችው ቦርሳዋን ስፈትሽ የማያትበትን ነው። አቅፌያት ልቧ ደረቴ ላይ ሲሮጥ ሰማሁት። እኔን ያሞቀኝ መድኃኒት ነው እሷን እንዲህ የሚያስሮጣት።

በዚያው ቀን ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ሄድን፤ አሁን በሽተኛዋ እሷ፣ አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ተራ ስንጠብቅ ጋቢዬን ላለብሳት ስል ሞቆኛል ብላ ገፋችው። ዶክተር ሄኖክ ሰምቶን ሲያበቃ በሁለታችንም ተቆጣ፤ ደግ አደረገ። ይህ መድኃኒት የጎደለውን ይሞላል፣ ጤነኛ ሰው ሲውጠው ግን ልብን ያዋክባል አለ። ልቧ በማሽን ታየ፣ ደሟ ተመረመረ። ብታቆም ቀስ እያለ ከሰውነቷ እንደሚወጣ ነገረን፣ እስኪወጣም እየመጣች እንድትታይ አዘዘ። ሲስተር አዳነች ያን ጊዜ በሩ ላይ ያንሾካሾከችላትን የሰማሁት ያኔ ነው። ለዛሬ ይሁን፣ ጤነኛ ሰው አይወስደውም፣ እንዳይደገም ብላት ነበር። እኔ ሴራ ነው ያልኩት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ መሠረት ሲስተር ሳትመጣ እየደረሰች የምትቀምሰው ለምን እንደነበርም ያን ጊዜ ገባኝ።

መሠረት ዳነች። መጀመሪያ እጇ ረጋ፣ ከዚያ እንቅልፏ ተመለሰ፣ መስኮቱንም ትዘጋ ጀመር። አንድ ማታ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ ስትለኝ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም። እኔ ኪኒኔን ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ፤ አሁን በራሴ መዳፍ አድርጌ ነው የምውጠው። መሠረት ቆማ ታያለች። ስጨርስ አፍሽን ክፈቺ ትለኛለች፤ የነጠላዬንም ጫፍ ዳበስ ታደርጋለች። አልቀየማትም። እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ሰው በፀሐይ ሲበርደው፣ ድምፁ ሲጎረንን፣ ፊቱ ሲያብጥና ጠባዩ ሲለወጥ፣ አንገቱ አላበጠም ብላችሁ አትተዉት፤ የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝልን ብላችሁ ጠይቁ። እርጅና ነው የሚላችሁ ባለሙያ ካለ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ሌላ ሰው ዘንድ ሂዱ። መድኃኒት የማይወስድባችሁን ሰው ለማሳመን ብላችሁም የሰው መድኃኒት አትቅመሱ። የእኛ ለክፉ አልሰጠንም፤ የሌላው ላይሆን ይችላል።

አሁን ዳንግላ ተመልሻለሁ፣ ቤቴንም ከፍቻለሁ። ዘነቡን ይቅርታ ጠይቄ አስመጣኋት። እሷም እየተጠራጠረች ነው የመጣችው፤ የመጀመሪያዋን ሳምንት ዓይኔን እያየች ነው የሠራችው። ባለፈው ቅዳሜ መሠረት መጣች። ከጋኑ በጆግ ቀዳች፣ ለእኔ በጣሳ ሞላችልኝ፣ እንዳስተማርኳትም በመዳፏ ልትቀምስ ዘንበል አደረገችው። ከእጇ ወሰድኩት።

«ሳልቀምስ?» አለች።

«ሳትቀምሺ» አልኩና ጠጣሁት።

በሕይወቴ ሳይቀመስ የጠጣሁት የመጀመሪያው ጠላ ነው። ውሃ በዝቶበታል። ያበዛችውንም አውቃታለሁ፣ ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ጣሳውን እስከ ዝቃጩ ጨለጥኩና ጨምሪልኝ አልኳት።